ስለ ኤልቪስ ኮስቴሎ የሚባለውና እውነታው

በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ከፓንክ ማግስት፣ ኒው ዌቭ የተባለው ሙዚቃ እንግሊዝን ሲያጥለቀልቅ ከወጡት ዘፋኞች አንዱ ባለ ትልቅ መነጽሩ ኤልቪስ ኮስቴሎ ነው። ስለ እሱ የሚወራው ግን ብዙ ነው።

«በኤልቪስ ፕሪስሊ ሞት ሊነግድ ስሙን ወሰደ።»
ቀኑን ማየት ይበቃል። የመጀመሪያ አልበሙ የወጣው በጁላይ 1977 ነው። የሮክ ንጉሥ የሚባለው አሜሪካዊው ፕሪስሊ የሞተው በኦገስት። የኮስቴሎ እውነተኛ ስም ዴክላን ማክማነስ ሲሆን «ኤልቪስ»ን ያወጣለት ሥራ አስኪያጁ ጄክ ሪቪዬራ ነው። ድፍረት ነበር፣ አዎ። «ኮስቴሎ» ግን የቤተሰብ ስም ነው። ዘፋኙ አባቱ ሮስም በአንድ ወቅት ዴይ ኮስቴሎ ተብሎ ሸክላ አስቀርጿል።

«በአንድ ሌሊት ታዋቂ ሆነ።»
የት! ለንደን ውስጥ በአንድ የመዋቢያ ዕቃዎች ኩባንያ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበር። ሚስትና ልጅም ነበረው። አልበሙን ሲቀርጽ ያጀቡት ደግሞ ብዙዎች እንደሚሉት በኋላ የሱ ባንድ የሆኑት ዘ አትራክሽንስ አይደሉም። ክሎቨር የተባለ የካሊፎርኒያ ባንድ ነው። አትራክሽንስ የተሰባሰቡት ከዚያ በኋላ ነው።

«ከአሜሪካ ቴሌቪዥን ዕድሜ ልክ ታገደ።»
በዲሴምበር 1977 ሳተርደይ ናይት ላይቭ በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ የጀመረውን ዘፈን አቋርጦ «ሬዲዮ ሬዲዮ»ን መዝፈኑ እውነት ነው። አዘጋጆቹም ተናደዱ። በ1989 ግን እዚያው መድረክ ላይ ተመልሶ ዘፍኗል።

«‹ሺ› የተባለው ዘፈን የሱ ድርሰት ነው።»
አይደለም። የፈረንሳዊው ዘፋኝ የሻርል አዝናቩርና የግጥም ደራሲው የኸርበርት ክሬዝመር ሥራ ነው፣ በ1974 የወጣ። ኮስቴሎ ያዜመው በ1999 ለ«ኖቲንግ ሂል» ፊልም ነው። ራሱ የጻፋቸው ብዙ ዘፈኖች እያሉት በሰው ዘፈን መታወቁ ትንሽ ያናድዳል።

«‹ኦሊቨርስ አርሚ› የደስታ ዘፈን ነው።»
ዜማው ያታልላል። ፒያኖው አባ የተባለውን የስዊድን ባንድ «ዳንሲንግ ኩዊን» ያስታውሳል፤ ሰው እየጨፈረ ነው የሚሰማው። ግጥሙ ግን ስለ ወታደርነት ነው። ኮስቴሎ በ1978 ሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት ሄዶ ገና ልጅ የሚመስሉ የእንግሊዝ ወታደሮች ጠመንጃ ይዘው ጎዳናው ላይ አየ። ሥራ ያጡ የድሃ ልጆች ለኃያላን ጉዳይ ወደ ጦር ሜዳ እንደሚላኩ ጻፈ። በ1979 እንግሊዝ ውስጥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ፤ ከዚያ በላይ የወጣ ዘፈን የለውም። በ2022 ግን በግጥሙ ውስጥ ባለው የዘር ስድብ ምክንያት ከእንግዲህ መድረክ ላይ እንደማይዘፍነው ተናገረ፤ ሬዲዮዎችም እንዲተዉት ጠየቀ።