አንጎል ያየነውን እንዴት ይተረጉማል? አጠቃላይ ዳሰሳ

ማየት የዓይን ሥራ ብቻ ይመስላል። አይደለም። ዓይን ብርሃን ይሰበስባል፤ «ይሄ በር ነው፣ ያቺ እናቴ ናት» ብሎ የሚወስነው አንጎል ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ በአማርኛ አንድ ላይ ተሰባስቦ የተጻፈ ነገር እምብዛም ስለማይገኝ ዋና ዋናውን እዚህ ለማሰባሰብ ሞክሬያለሁ።

ከዓይን ጀርባ ያለው ሬቲና 120 ሚሊዮን ገደማ በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩ፣ 6 ሚሊዮን ገደማ ደግሞ ቀለም የሚለዩ ሕዋሳት አሉት። ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ግን ያሉት ክሮች ወደ 1 ሚሊዮን ቢሆኑ ነው። መረጃው ገና ከዓይን ሳይወጣ ይመረጣል፣ ይጨመቃል ማለት ነው። ነርቩ በሚወጣበት ቦታ ደግሞ ምንም የሚያይ ሕዋስ የለም። ማረጋገጥ ቀላል ነው። ወረቀት ላይ መስቀል ሳሉ፣ ከሱ በስተቀኝ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ ነጥብ አድርጉ። ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑና በቀኙ መስቀሉን ብቻ እያያችሁ ወረቀቱን ቀስ ብላችሁ አስጠጉ። 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነጥቡ ድርግም ይላል። በቦታው ጥቁር ጉድጓድ አታዩም፣ ነጭ ወረቀት እንጂ። ያንን ነጭ የሞላው አንጎላችሁ ነው።

ከጥንት ግሪኮች ብዙዎቹ ዓይን ራሱ ጨረር ይረጫል ይሉ ነበር። ይህን አስተሳሰብ በ11ኛው ክፍለ ዘመን በጥብቅ የሞገተው ካይሮ ተቀምጦ የጻፈው ምሁር ኢብን አል ሃይሠም ነው፤ ብርሃን ወደ ዓይን እንደሚገባ፣ አእምሮም ሳይታወቀን እያመዛዘነ እንደሚፈርድ አስረድቷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ ተመሳሳይ ሐሳብ አራመደ።

ትልቁ ግኝት የመጣው ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ቪዘል አሜሪካ ውስጥ የድመት አንጎል ላይ ቀጭን ኤሌክትሮድ (የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀበል ሽቦ) አስገብተው የአንዲትን ሕዋስ ምልክት ወደ ድምፅ ተለውጦ ያዳምጡ ነበር። ነጥብ ቢያሳዩዋት ቢያሳዩዋት ዝም። ነጥቡ ያለበትን መስታወት ሲቀይሩ ግን ሕዋሷ በድንገት መንጣጣት ጀመረች። የቀሰቀሳት የመስታወቱ ጠርዝ ጥላ ነበር፣ ያውም በተወሰነ አቅጣጫ ሲያልፍ ብቻ። አንዷ ሕዋስ ለቆመ መስመር፣ ሌላዋ ላዘነበለ መስመር እንደምትሠራ የታወቀው እንዲህ ነው። ቀጥለው የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ለጥቂት ወራት ሸፈኑ። ሲከፈት ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ አንጎሉ ግን ከዚያ ዓይን የሚመጣውን መቀበል አቁሟል። ዛሬ ከዓይን ሞራ ጋር የተወለደ ሕፃን ቶሎ ይታከም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱ በ1981 ኖቤል ተሸለሙ፣ ሲገባቸው ነው።

አሁን ወደ አገራችን። ሥዕል ላይ ያለውን ነገር ለይቶ ማወቅ ትምህርት ይፈልጋል ወይስ አብሮን ይወለዳል? ይህ ጥያቄ ዛሬ ምዕራብ ኦሞ ዞን በሚባለው አካባቢ በሚኖሩት መኢኒቶች ዘንድ ተጠንቶ ውጤቱ በ1972 ወጥቷል፤ አጥኚዎቹ ዴሬጎቭስኪና ሁለት ባልደረቦቹ ነበሩ። ወረቀት ለነዋሪዎቹ እንግዳ ስለነበር የእንስሳት ሥዕሎቹን ሻካራ ጨርቅ ላይ አደረጓቸው። የአንድ መልስ ሰጪ ንግግር ተመዝግቧል። መጀመሪያ ጭራውን ለየ፣ ከዚያ እግሩን፣ ቀጥሎ ቀንዶቹን። ምንድን ነው ሲባል ቆይ ገና እያየሁ ነው አለ፣ በመጨረሻም ድፋርሳ የሚባለው የዱር እንስሳ መሆኑን ተናገረ። ነገሩ አንዳንድ ቦታ «ኢትዮጵያ ውስጥ ሥዕል የማያውቁ ሰዎች ተገኙ» ተብሎ ይወራል። ትክክል አይደለም። አብዛኞቹ አውቀዋል፣ ጊዜና ጥረት ግን ፈልጓል። ለኔ ይህ የብልህ አእምሮ ሥራ ነው፤ ከክፍሎቹ ተነስቶ ሙሉውን ገጣጥሟል።

በሥዕል ውስጥ የሚለመዱ ነገሮች መኖራቸው ግን አይካድም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ደጋጎቹ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህን ያደገበት ሰው ወዲያው ያነበዋል፣ እንግዳ ሰው ግን ካልነገሩት ያልፈዋል።

አስተዳደግ አስተያየታችንን ይለውጣል ወይ በሚለው ላይ አከራካሪው ሙለር ላየር የሚባለው የዓይን ማታለያ ነው። ሁለት እኩል መስመሮች አሉ፤ የአንዱ ጫፎች ላይ ያሉት አጫጭር መስመሮች ወደ ውስጥ የታጠፉ፣ የሌላው ወደ ውጭ የተከፈቱ ናቸው። ወደ ውጭ የተከፈተው ረዝሞ ይታያል። በ1966 የወጣ ሰፊ ጥናት አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ከብዙ የአፍሪካ ማኅበረሰቦች ይልቅ እንደሚታለሉ አሳየ፤ ምክንያቱም ማዕዘን በበዛበት ቤት ማደጋቸው ሊሆን ይችላል ተባለ። በ2015 ግን ከተወለዱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የነበሩ የሕንድ ልጆች በቀዶ ሕክምና ማየት እንደጀመሩ ወዲያው በዚሁ ማታለያ ተታለሉ። ስለዚህ የቤቱ ነገር ብቻውን በቂ ምክንያት አይመስልም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2011 በወጣ ጥናት ደግሞ እንዲሁ ሕንድ ውስጥ ማየት የጀመሩ ልጆች በእጃቸው የዳሰሱትን ቅርጽ በዓይናቸው ለይተው ማወቅ አልቻሉም ነበር። በቀናት ውስጥ ግን ለመዱት።