ጆን ሌርድ፦ ከመርከብ መሥሪያ ወደ ፓርላማ

ጆን ሌርድ (1805–1874) የእንግሊዝ መርከብ ሠሪና የፓርላማ አባል ነበር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው በስኮትላንዷ ወደብ ግሪኖክ ነው። አባቱ ዊልያም በ1824 በርከንሄድ ውስጥ የብረት ሥራ ከፈተ። በርከንሄድ ከሊቨርፑል ማዶ፣ በመርሲ ወንዝ ዳር ናት። ጆን በ1828 አባቱን ተቀላቀለ። ድርጅቱ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ የብረት ጋን፣ ማለትም ቦይለር፣ ይሠራ ነበር። ቦይለር ሠሪ ላሜራ ማጠፍ፣ ጠርዙን አነባብሮ በሪቬት (በብረት ችንካር) መምታት ያውቃል። እንፋሎት የማያስወጣ ስፌት ውሃም አያስገባም። የቤተሰቡ ሙያ ወደ መርከብ የተሻገረው በዚህ በኩል ነው።

በ1829 ለአየርላንድ ዋይ የተባለች 60 ቶን የምትጭን የብረት ጀልባ ሠሩ። በ1834 ደግሞ ጆን ራንዶልፍ የተባለችውን መርከብ በክፍልፋይ ሠርተው ወደ አሜሪካ ላኩ፤ እዚያ፣ ሳቫና ላይ፣ ተገጣጠመች። ያኔ መርከብ ማለት እንጨት ነበር፤ ይህ ቀላል ድፍረት አይደለም።

አንድ ከባድ ችግር ግን ነበረ። ብረቱ ኮምፓሱን ያሳስተዋል። በ1838 የሥነ ፈለክ ሊቁ ጆርጅ ኤሪ ሌርድ በሠራት ሬይንቦው በተባለች የብረት መርከብ ላይ ሙከራ አድርጎ፣ ኮምፓሱ አጠገብ ማግኔትና ብረት በማስቀመጥ ስሕተቱን አረመው። የብረት መርከብ ከባሕር ዳርቻ ርቆ እንዲሄድ ካስቻሉት ነገሮች ዋነኛው ይህ ነው።

ብሪታንያ ከቻይና ጋር በተዋጋችበት በኦፒየም ጦርነት የዘመተችው መርከብ ኔሜሲስም የእሱ ሥራ ናት። በከተማዋ ስም የተጠራችው ወታደር ጫኝ መርከብ በርከንሄድ በ1852 ደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ላይ ድንጋይ መትታ ሰጠመች። ሴቶችና ሕፃናቱ በጀልባ ሲወጡ ወታደሮቹ ተሰልፈው ቆሙ። ሴቶቹና ሕፃናቱ ሁሉ ተረፉ፤ ከ400 በላይ ወንዶች አለቁ።

በ1861 ሥራውን ለልጆቹ ትቶ የበርከንሄድ የመጀመሪያው የፓርላማ ተወካይ ሆነ። የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ሰው ነበር፤ እስኪሞት በወንበሩ ቆየ።

የፖለቲካ ስሙን ግን አላባማ ጋረደችው። መርከቧ በመሥሪያው ቁጥሯ 290 ነበር፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ከሰሜኑ ጋር ይዋጉ የነበሩት ባሪያ አሳዳሪዎቹ የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ያዘዟት የጦር መርከብ ነበረች። ጁላይ 29 ቀን 1862 «ለሙከራ» ተብሎ እንግዶችና እመቤቶች ተሳፍረውባት ወጣች። እንግዶቹ በጎታች ጀልባ ተመለሱ፤ እሷ በዚያው ሄደች። እንድትታገድ የብሪታንያ መንግሥት ያወጣው ትእዛዝ ሲደርስ የለችም። በአትላንቲክ ውቅያኖስ አዞረስ ደሴቶች አጠገብ መድፍ ታጠቀች፤ በሁለት ዓመት 65 ገደማ የሰሜን መርከቦችን ማረከች። በ1864 በፈረንሳይ ወደብ ሼርቡር አጠገብ ሰጠመች።

ሌርድ ራሱ በውሉ ምን ያህል እጁ እንደነበረበት እስከ ዛሬ ያከራክራል። ተቃዋሚዎቹ ሁሉን በእሱ ላይ ጫኑ፤ በእኔ እይታ ግን ዋናው ሥራ የልጆቹ ነው። ቢሆንም በ1863 ፓርላማ ላይ ተነሥቶ፣ መደብን ከመደብ ከሚያናክስ ሰው ይልቅ የአሥራ ሁለት አላባማዎች ሠሪ ተብሎ መታወቅን እንደሚመርጥ ተናገረ። ንግግሩ ያነጣጠረው ባሪያ አሳዳሪዎቹን ይቃወም በነበረው በፓርላማ አባሉ በጆን ብራይት ላይ ነበር። የባርነት ጉዳይ ነፍስ ያስጠፋ በነበረበት ሰዓት እንዲህ ማለቱ ያሳዝናል። አላባማና መሰሎቿ ላደረሱት ጉዳት፣ በ1872 ጄኔቭ ላይ የግልግል ዳኞች ብሪታንያ ለአሜሪካ 15.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ፈረዱባት።

በከተማዋ ውስጥ ግን ስሙ ሌላ ነው። ሆስፒታል ሠርቶ ሰጥቷል። ሐውልቱ በ1877 ሃሚልተን አደባባይ ቆመ። ድርጅቱ በ1903 ከሼፊልዱ ካሜል ጋር ተዋህዶ ካሜል ሌርድ ተባለ፤ ዛሬም መርሲ ዳር መርከብ ይሠራል።