የዱራም ከሰል ቆፋሪዎች ባነር ምንድን ነው?

በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በዱራም ከተማ፣ በየዓመቱ በጁላይ ወር ሁለተኛ ቅዳሜ ዋናው መንገድ ለመኪና ይዘጋል። ከየመንደሩ የመጣው ሕዝብ ማርሽ ባንዱን አጅቦ ይሰለፋል። ከራሱ በላይ፣ በሁለት ረጃጅም እንጨቶች ተወጥሮ፣ በቁመትም በስፋትም ከሰው የሚበልጥ ሥዕል ያለበት የሐር ጨርቅ ይታያል። ባነር የሚባለው ይህ ነው። እያንዳንዱ ባነር የአንድ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ምልክት ነው። ጉድጓዶቹ ግን ዛሬ አንድም ሳይቀር ተዘግተዋል።

ባነሩ ሲጀመር መታሰቢያ አልነበረም። የዱራም ከሰል ቆፋሪዎች ማኅበር በ1869 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ተመሥርቶ፣ የዚህ ሰልፍ መነሻ የሆነውን የመጀመሪያውን ታላቅ ስብሰባውን ያካሄደው በ1871 ነው። የየጉድጓዱ ቅርንጫፍ ባነር ይዞ ሲወጣ “እኛም አለን፣ ተደራጅተናል” ማለቱ ነበር። ሥዕሎቹም የሚናገሩት ይህንኑ ነው። በአንዱ ላይ የማኅበሩ መሪዎች ፊት ይታያል፤ በሌላው የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ፤ በሌላው ደግሞ ሲታሰር የማይሰበር የጭራሮ ነዶ። ለጡረተኛ ቆፋሪዎች የተሠሩ ቤቶች የተሳሉባቸውም አሉ። ቆፋሪው የሚኖረው በኩባንያው ቤት ስለነበር ሲያረጅ ይለቅ ነበር፤ ጓደኞቹ ከ1898 ጀምሮ ከደመወዛቸው እያዋጡ ለአረጋውያኑ መጠለያ ሠሩ። እንዲህ ያለው ነገር በሐር ላይ መሳሉ ተገቢ ነው።

ከልማዶቹ ሁሉ እኔን የሚነካኝ ከሉ ነው። በዓመቱ ውስጥ በጉድጓዱ ሰው የሞተበት መንደር ባነሩን ጥቁር ከል አልብሶ ይወጣ ነበር። በሜይ 1951 በኢዚንግተን ጉድጓድ ፍንዳታ ደርሶ 83 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ ሁለቱ ለማዳን የገቡ ነበሩ። በዚያው ዓመት የኢዚንግተን ባነር ከል ለብሶ በሰልፉ አለፈ። ሐዘኑ የመንደሩ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ አውራጃው ሁሉ ቆሞ አየው።

ያው 1951 ሌላም መከራ አመጣ። የአውራጃው አስተዳደር ከሰላቸው እያለቀ ነው ያላቸውን ከ100 በላይ መንደሮች “ምድብ ዲ” ብሎ መዘገበ፤ አዲስ ግንባታ እንዳይገባባቸውም ተወሰነ። ሰው ሲለቅ ቤቱ የሚፈርስባቸው መንደሮች ሆኑ። ቀጥሎ የመጣው የ1984 ነው። መንግሥት 20 ጉድጓዶችን ሊዘጋ ማቀዱ በመታወቁ አብዛኞቹ የአገሪቱ ከሰል ቆፋሪዎች በማርች ሥራ አቆሙ። አድማው አንድ ዓመት ፈጀ። ደመወዝ በሌለበት በዚያ ሁሉ ወር የየመንደሩ ሴቶች የጋራ ማዕድ ቤት ከፍተው ሕዝቡን መገቡ። በማርች 1985 ቆፋሪዎቹ ያለ ስምምነት ወደ ሥራ ሲመለሱ፣ በብዙ ቦታ ባነራቸውን አስቀድመው፣ ባንድ እያስመቱ ገቡ። ኢዚንግተን በ1993 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የአውራጃው የመጨረሻ ጥልቅ ጉድጓድ የሆነው ዌርማውዝም ተከተለ፤ በቦታው ላይ ዛሬ የሰንደርላንድ እግር ኳስ ክለብ ስታዲየም ቆሟል።

ባነሩ የመንደር ጥበብ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ማኅበሩ የሚወክለው ሠራተኛ ባይኖርም ነዋሪዎቹ የባነር ቡድን አቋቋሙ። አሮጌው ሐር በነፋስና በዝናብ እየተቀደደ ስለሆነ ብዙዎቹ እርሱን በመስታወት ውስጥ አኑረው፣ ለሰልፍ የሚሆን አምሳያውን በመዋጮ አሠሩ። አዲስ ሥዕል የመረጡም አሉ፤ ምን ይሳል የሚለውን የሚወስነው መንደሩ ነው። ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸውን ባነር ይሠራሉ። የአውራጃው ሴቶችም በቅርብ ዓመታት የራሳቸውን ይዘው ወጥተዋል፤ ያን ሁሉ ሰው የመገቡት እነርሱ ነበሩና፣ እንዲያውም ዘገየ እላለሁ።

አዲስ ባነር በሰልፉ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ዱራም ካቴድራል ገብቶ ይባረካል። ባንዱ በዝግታ እየተራመደ የሚያሰማው “ግሬስፎርድ” የሚባል ቃል የሌለው ዜማ አለ። በ1934 በዌልስ ግሬስፎርድ ጉድጓድ ለሞቱት 266 ሰዎች መታሰቢያ ሮበርት ሴንት የተባለ የሰሜን ምሥራቅ ከሰል ቆፋሪ የደረሰው ነው። ዜማው ሲጀመር ሕዝቡ ዝም ይላል።

ሐውልት አንዴ ከቆመ ማንንም አይፈልግም። ባነር ግን ሁለቱን እንጨት የሚሸከም፣ ነፋስ እንዳይጥለው ገመዱን ከፊትና ከኋላ የሚይዝ፣ ሲደክም የሚተካ ሰው ይሻል። የቀድሞዎቹ ቆፋሪዎች አርጅተዋል፤ ስለዚህ ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላ የተወለዱ ልጆች አያያዙን ከእነርሱ መማር አለባቸው። ለባንዱ የሚከፈለውም ገንዘብ በየዓመቱ እንደገና መዋጣት አለበት፤ የባነር ቡድኖቹ በብርዱ ወራት ሁሉ የሚሯሯጡትም ለዚሁ ነው።