ዋሻ ውስጥ "የሚያበራው" ሞስ

"ጨለማ ውስጥ እንደ አምፖል የሚበራ ሞስ አለ አሉ፣ እውነት ነው?" ይህን ስንቴ እንደተጠየቅኩ እንጃ። ሞሱስ (ሞስ እርጥብ አፈርና ድንጋይ ላይ የሚበቅል፣ አበባ የሌለው ትንሽ ዕፅ ነው) አለ። በራሱ ግን አያበራም!

ስሙ ስኪስቶስቴጋ ፔናታ ነው። ስኪስቶስቴጋሲ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ያለው ዝርያ እሱ ብቻ ነው።

ስፖሩ (እንደ ዘር የሚያገለግለው ብናኝ) ሲበቅል ቀድሞ የሚያወጣው ቅጠል ሳይሆን አፈር ላይ የሚዘረጋ ቀጭን ክር ነው። ክሩ ላይ እንደ ሌንስ ያበጡ ሴሎች አሉ። ከዋሻው አፍ የሚገባውን ጭላንጭል ሰብስበው ከጀርባቸው ወዳለው ክሎሮፕላስት፣ ማለትም ምግብ ወደሚሠራው የሴሉ ክፍል፣ ይልኩታል። ዕፁ ምግቡን የሚሠራው በዚህ ነው። የተረፈው ብርሃን በመጣበት ይመለሳል። ክሎሮፊል የሚባለው የዕፅ አረንጓዴ ቀለም ቀዩንና ሰማያዊውን ስለሚወስድ፣ ተመላሹ ወርቅማ አረንጓዴ ነው። የድመት ዓይን ላይ ባትሪ ስናበራ እንደምናየው ማለት ነው።

አንድ ወዳጄ አላምን ብሎኝ አብረን ሄድን። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ አየ፤ አፈሩ በሙሉ ወርቅ ነው። ብርሃኑን በጃኬቴ ጋረድኩት። ወርቁ ድርግም አለ። ጃኬቱን ሳነሳው ተመለሰ። ወደ ጎን ፈቀቅ ሲል ደግሞ ጠፋበት። ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም።

"ቅጠሉ ነው የሚያበራው" የሚሉም አሉ። አይደለም። ቅጠሎቹ ግራና ቀኝ ተሰድረው ትንሽዬ ላባ ይመስላሉ፤ የዕፁ ቁመት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

"ሥሩን ነቅዬ ልትከለው" ለሚለኝ፦ ሞስ ሥር የለውም።

"የጃፓን ብቻ ነው" የሚባለውም ስህተት ነው። ጃፓን ዮሺሚ በምትባል ከተማዋ የሚገኘውን ከ1928 ጀምሮ በተፈጥሮ ቅርስነት ስለምትጠብቀው ዝናው እዚያ ገነነ እንጂ፣ አውሮፓ፣ ሩሲያና ሰሜን አሜሪካም ይበቅላል። ዋሻ ብቻም አይፈልግም፤ የጥንቸል ጉድጓድና የወደቀ ዛፍ ሥር የፈነቀለው ጎድጓዳ ቦታም ይበቃዋል። የኖራ ድንጋይ ግን አይስማማውም። ስለዚህ ዋሻ ባያችሁ ቁጥር አትድከሙ።

ካገኛችሁት እባካችሁ እጃችሁን አትስደዱ። ክሩ የተዘረጋው ልል አፈር ላይ ነው፤ በጣት ሲነካ ተፍቆ ይሄዳል። ብልቃጥ ውስጥ ከታችሁ ብትወስዱትም የምታገኙት አፈር ነው። ብርሃኑን ከጀርባችሁ አድርጉ፣ ጎንበስ በሉ፣ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ታገሡና ከውጭ እዩት።