2,147,483,647 ምንድን ነው?

ሁለትን 31 ጊዜ ጽፈን እርስ በርስ ብናባዛና ከውጤቱ 1 ብንቀንስ የምናገኘው ቁጥር ነው፤ ባጭሩ 2³¹ − 1። ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም) ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። እንዲህ ያሉ ብቸኛ ቁጥሮች የሚጠሩት በፈረንሳዊው መነኩሴ በማሪን መርሴን ስም ሲሆን፣ ይህ ከትንሹ ሲቆጠር ስምንተኛው ነው።

አርቢው (2 ስንት ጊዜ እንደሚባዛ የሚያሳየው ቁጥር፣ እዚህ 31) ራሱ ብቸኛ ቁጥር መሆን አለበት። ያ ብቻ ግን አይበቃም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 11 ብቸኛ ነው፤ 2¹¹ − 1 ግን 2,047 ማለትም 23 × 89 ነው።

ታዲያ የ2³¹ − 1 ብቸኛነት በምን ይታወቃል? በተራ ማካፈል ከሆነ እስከ ዳግም ዘሩ፣ ማለትም እስከ 46,340 ያሉትን 4,792 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይጠይቃል። የሂሳብ ሊቁ ሌዎናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 ያረጋገጠው ግን አብዛኞቹን ሳይነካ ነው።

አንድ ብቸኛ ቁጥር ይህን ቁጥር ያካፍላል እንበል። ያን ጊዜ 2³¹ ለእሱ ሲካፈል 1 ይተርፋል። 31 ብቸኛ በመሆኑ ከዚያ ያነሰ አርቢ 1 ሊያስተርፍ አይችልም። በፌርማ ትንሹ ቲዎረም መሠረት ደግሞ ከአካፋዩ በ1 የሚያንሰው አርቢም 1 ያስተርፋል፤ ስለዚህ ያ አርቢ የ31 ብዜት ነው። አካፋዩ ጎዶሎ ስለሆነም ለ62 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። በሌላ በኩል የ2¹⁶ ካሬ 2ን ያስተርፋል፤ ይህ የሚሆነው አካፋዩ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ከተረፈው ብቻ ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ፣ ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ብቻ ይቀራሉ። በመንገዱ ላይ የመጀመሪያው ብቸኛ ቁጥር 311 ነው፤ ቀጣዩ 1,303! ምን ያህል ድካም እንደቀነሰ ከዚህ ይታያል።

ዛሬ የሉካስ–ሌህመር ፈተና ከዚህም ያጥራል። ከ4 ተነስተው ካሬውን ይውሰዱ፣ 2 ይቀንሱ፣ ለሚፈተነው ቁጥር አካፍለው ቀሪውን ይያዙ። ከአርቢው በ2 ያነሰ ጊዜ ይድገሙ፤ መጨረሻው 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው። ለ31 (2⁵ − 1) ሦስት ዙር ይበቃል፦ 4፣ 14፣ 8፣ 0። ለእኛው ቁጥር 29 ዙር ነው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ካሬውን በ64 ቢት (0 ወይም 1 በሚይዙ 64 ቦታዎች) ካልያዘ ውጤቱ ሞልቶ ይፈስና ፈተናው የተሳሳተ መልስ ይሰጣል።

መሙላት ሲነሳ፣ ይህ ቁጥር ምልክት (+ ወይም −) ያለው የ32 ቢት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ጣሪያም ነው። አንድ ሲጨመርበት አብዛኛውን ጊዜ ወደ −2,147,483,648 ይገለበጣል። ከ1970 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ ሰከንድ የሚቆጥሩ የ32 ቢት ሰዓቶች እዚህ ጣሪያ ላይ የሚደርሱት ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ያልታደሰ መሣሪያ በቀጣዩ ሰከንድ ቀኑን ወደ 1901 እ.ኤ.አ. ሊመልሰው ይችላል። መፍትሔው ወደ 64 ቢት መሻገር ነው።

ጣሪያው ብቸኛ ቁጥር ላይ ማረፉ ግን የኮምፒውተር ሕግ አይደለም። የ64 ቢቱ ጣሪያ 2⁶³ − 1 ነው፤ 63 የ3 ብዜት በመሆኑ ይህ ቁጥር ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል።