«ቢዝነስ ዩዝ» የሚባለው የመኪና ኢንሹራንስ ምንድን ነው?

እንግሊዝ አገር በኬር ሥራ፣ ማለትም ሰውን በየቤቱ በመንከባከብ ላይ ያለ ሰው «ደብል አፕ»ን፣ ሁለት ሠራተኛ አብሮ የሚሄድበትን ሥራ፣ ያውቃል። ታካሚውን በሆይስት (በማንሻ መሣሪያ) ከአልጋ አንስቶ ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ሁለት ሰው የግድ ነው፤ መኪና ያለው ግን ብዙ ጊዜ አንዱ ብቻ ነው። እኔ ገና ሳይነጋ ባልደረባዬን ከአውቶቡስ ፌርማታ አነሳታለሁ፤ የጓንቱን ካርቶን እግሯ ሥር አስቀምጣ ትገባለች፤ እስከ ምሳ ሰዓት ከቤት ቤት እንዞራለን። የመጀመሪያ ቀጣሪዬ «መኪና አለሽ?» አለኝ እንጂ ኢንሹራንሴ ምን ዓይነት እንደሆነ አልጠየቀኝም። ዛሬም ያንገበግበኛል።

አብዛኞቻችን የምንገዛው ሽፋን ለግል ጉዳይና ለ«ኮሚዩቲንግ» ነው። ኮሚዩቲንግ ማለት ከቤት ወደ አንድ ቋሚ የሥራ ቦታ ሄዶ መመለስ ነው። ከአንዱ ታካሚ ቤት ወደ ሌላው መንዳት እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ሽፋን ነው ቢዝነስ ዩዝ የሚባለው። ታክሲ ከመሥራት ጋር አይገናኝም። አንድ መጋዘን የሚሠሩ ጓደኛሞች ቤንዚን ተጋርተው አብረው ቢሄዱ፣ ሹፌሩ እስካላተረፈ ድረስ ኢንሹራንሶች ይቀበላሉ። እኛ ግን ገንዘብ ባንቀበልም የምንነዳው በሥራ ሰዓት፣ ለሥራ ነው።

ያለ ትክክለኛ ሽፋን የተያዘ ሰው በቦታው የሚሰጠው ቅጣት 300 ፓውንድና መንጃ ፈቃዱ ላይ የሚመዘገብ 6 የጥፋት ነጥብ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ 2 ዓመት ያልሞላው ደግሞ በ6 ነጥብ ፈቃዱን ይነጠቃል፤ አዲስ ለመጣ ወገን ይህ እንጀራውን ማጣት ነው። አደጋ ቢደርስ ሕጉ ተሳፋሪዋን ያለ ካሳ አይተዋትም፤ ኢንሹራንሱ ግን የከፈለውን ከሹፌሩ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ የኢንሹራንስ ሰርተፊኬቱን አውጡና መኪናው ለምን እንደተፈቀደ የሚናገረውን መስመር አንብቡ። ለኢንሹራንሱ ስትደውሉም «ለሥራ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ «ባልደረባ ይዤ ከታካሚ ቤት ወደ ታካሚ ቤት እነዳለሁ» በሉ።

ሌላም ብዙዎች የማያውቁት ገንዘብ አለ። የታክስ መሥሪያ ቤቱ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግል መኪና ለሥራ ለሚነዳ ሰው በማይል 45 ፔንስ (ከ10,000 ማይል በኋላ 25) ከታክስ ነፃ እንዲከፈል ፈቅዷል፤ አብሮ ለሚጓዝ ባልደረባ ደግሞ ተጨማሪ 5 ፔንስ። ቀጣሪው ከ45 ያነሰ ከከፈለ በልዩነቱ ላይ የታክስ ቅናሽ ይጠየቃል። 5 ፔንሷን ግን ቀጣሪው ካልከፈለ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ መጠየቅ አይቻልም፤ በቀን 20 ማይል ለምንዞር 1 ፓውንድ ናትና ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ቀጣሪውን ጠይቁት።