«ፋይሉን ልኬልሃለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም፦ ስለ ሌይአውት ፕሮግራሞች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመጽሐፍና የመጽሔት ገጽ የምናዘጋጅበትን የሌይአውት ፕሮግራም ስንመርጥ የምናየው ዋጋውንና ቅለቱን ነው። ፋይሉን ነገ ማን እንደሚከፍተው ግን ትዝ አይለንም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

«አንዱ የሠራውን ሌላው ይከፍተዋል»

ኢንዲዛይን፣ ስክራይበስና አፊኒቲ ፐብሊሸር የሌይአውት ፕሮግራሞች ናቸው። የኢንዲዛይን ዋናው ፋይል ግን በሌሎቹ በሁለቱ አይከፈትም። መሻገሪያው አይዲኤምኤል የሚባለው ፎርማት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከኢንዲዛይን ሲኤስ4 ጋር መጣ፤ ሁለቱም ያነቡታል። ተከፈተ ማለት ግን እንደነበረ መጣ ማለት አይደለም። መስመሩ ሌላ ቦታ ይሰበራል፣ ጽሑፉ ከሳጥኑ ይተርፋል፣ ጥላና መሰል ኢፌክቶች ይጠፋሉ። ስለዚህ ከዋናው የወጣ ፒዲኤፍ አጠገባችሁ አድርጋችሁ ገጽ በገጽ አመሳክሩ። ሌላም ነገር አለ። ስክራይበስ አይዲኤምኤል ያነባል እንጂ አያወጣም። ሥራው ወደ ኢንዲዛይን የሚመለስ ከሆነ ከመጀመሪያው እዚያው ቢሠራ ይሻላል።

«ፕሮግራሙ አንድ ከሆነ ችግር የለም»

ቨርዥኑስ? በአዲሱ ኢንዲዛይን የተቀመጠ ፋይል በአሮጌው በቀጥታ አይከፈትም። እዚህም አይዲኤምኤል አድርጎ መላክ ነው።

«ፒዲኤፍ ካለኝ ዋናው ፋይል ምን ያደርግልኛል?»

ፒዲኤፍ ያለቀለት ገጽ ነው። ለማተሚያ ቤት ከሱ የተሻለ የለም። ለእርማት ግን አይመችም፤ መልሳችሁ ስትከፍቱት አንቀጹ ብዙ ጊዜ በየመስመሩ ተቆራርጦ ይመጣል። ስታይሎቹም (በስም የተቀመጡት የጽሑፍ ቅርጾች) የሉም። እባካችሁ ዋናውን አትሰርዙ።

«ፋይሉ ከሄደ ፎቶዎቹም አብረው ሄደዋል»

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ገጹ ላይ የምታዩት ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ቅንጭብ ምስል ብቻ ነው። ትክክለኛው ፎቶ ያለው እናንተ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ፋይሉ የያዘው አድራሻውን ብቻ ነው። ፎንቱም እንዲሁ፤ ተቀባዩ ጋ ከሌለ በሌላ ይተካና ገጹ ይበላሻል። ኢንዲዛይን ላይ «ፓኬጅ» የሚለው ትእዛዝ ፎቶውንም ፎንቱንም በአንድ ፎልደር ይሰበስባል፤ ስክራይበስም ተመሳሳይ አለው። ፎንቱን ከመላካችሁ በፊት ግን ፈቃዱን እዩ።

«የትልቅ ኩባንያ ፕሮግራም አይቋረጥም»

እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውና ዘርፉን ያስጀመረው ፔጅሜከር በ2001 በ7ኛው ቨርዥን ቆመ። ማይክሮሶፍትም ፐብሊሸር ለሚባለው የራሱ ፕሮግራም (ከአፊኒቲው የተለየ ነው) የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2026 እንደሚያቆም አሳውቋል። የፐብሊሸር ፋይል ያላችሁ ፕሮግራሙ እጃችሁ ላይ እያለ ሁሉንም በፒዲኤፍ አውጡ። እርማት የሚፈልገውን ደግሞ «ድሮው» (Draw) በሚባለው የሊብሬኦፊስ ፕሮግራም ሞክሩት፤ ይከፍተዋል፣ ማስተካከያ ግን ይፈልጋል።